ዓይንና ጆሮ ሲሸፈን «በቃኝ» የሚለው ምልክት አብሮ እንዳይሸፈን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ከጎጃም የተላከ አንድ ጥያቄ አንብበናል። ባልና ሚስት ተፈቃቅደው በፍቅር ጨዋታቸው መካከል ዓይን ቢሸፋፈኑ፣ ጆሮ ቢደፋፈኑ ጉዳት አለው ወይ የሚል ነበር። መልሱ «ከተስማሙ ችግር የለውም» በሚል አንድ መስመር ተዘጋ። ጥያቄውን በነውር ሳታባርሩ ማስተናገዳችሁ ያስመሰግናችኋል፤ መልሱ ግን ጎደሎ ነው። ሁለት ሰዎች ከልባቸው ተስማምተው በተሳሳተ ጨርቅ፣ በተሳሳተ ቋጠሮ ወይም ከሰል በነደደበት ክፍል ሊጎዱ ይችላሉ። በጤና ሙያ ላይ ያለን አንባቢዎች እንደመሆናችን የጎደለውን ለመሙላት ይህን ጽፈናል። የምንናገረው ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ስለሆነና ተነጋግረው ስለሚያደርጉት ሰዎች ብቻ ነው።

ነገሩ በውጭው ዓለም ቢዲኤስኤም ከሚባለው፣ ተፈቃቅዶ ማሰርን፣ ማዘዝንና መታዘዝን ከሚያካትተው ሰፊ የፍቅር ጨዋታ ዘርፍ አንዱ ነው። ማየትን፣ መስማትን፣ አንዳንዴም መናገርን ለጥቂት ጊዜ በመዝጋት የቀረው የመዳሰስ ስሜት እንዲጎላ ይደረጋል። «ይህን መፈለጌ ሕመም ይሆን?» ብለው የሚጨነቁ አሉ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው የምርመራ መመሪያ፣ ዝንባሌው ብቻውን ሕመም አይባልም፤ ሰውየውን ሲያስጨንቀው ወይም ሲጎዳው፣ አለዚያም ባልፈቀደ ሰው ላይ ሲፈጸም ነው ወደ ሕመም የሚቆጠረው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም በተፈቃቀዱ አዋቂዎች መካከል የሚደረገውን ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል።

ወደ ዕቃው ከመሄዳችን በፊት ስለ ፈቃድ አንድ ነገር እንበል፤ በእኛ አገር ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይሠራበታልና። በጎጃም ገጠር ልጃገረድ ስትዳር «ዝም ካለች ተስማምታለች» እየተባለ ኖሯል። ሰማንያ መፈራረምም ለሁሉም ሌሊትና ለሁሉም ነገር እንደ መፍቀድ ይታያል። ዓይኑና ጆሮው የተሸፈነ ሰው ደግሞ ዝም ለማለት የቀረበ ነው፤ ይፈራል፣ ይፈዛል፣ አንዳንዴም የት እንዳለ ይጠፋዋል። ስለዚህ ዝምታ መቼም ቢሆን እሺታ ሆኖ ሊቆጠር አይገባም። ፈቃድ የሚጠየቀው ዓይን ተገልጦ፣ አረቄም ጠላም ሳይቀመስ፣ ጫትም ሳይቃም ነው። ለአንዱ ዕቃ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አይሠራም፤ ዓይንን ለመሸፈን እሺ ያለች ሚስት አፏን ለመዝጋት እሺ አላለችም። «ዛሬ ጾም ነው» ወይም «ዛሬ ደስ አላለኝም» ማለት ሙሉ መልስ ነው፤ ምክንያት ጨምሩበት አይባልም።

ስሜትን መዝጋት ቀላል ጨዋታ የሚመስለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1954 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ሄብ የመራውን ሙከራ ይመልከት። ተማሪዎች በቀን 20 ዶላር እየተከፈላቸው፣ ብዥ የሚያደርግ መነጽር አጥልቀው፣ እጃቸው ተሸፍኖ፣ የማያቋርጥ እምምታ እየሰሙ አልጋ ላይ ተኙ። ብሉ ጠጡ፣ ዝም ብላችሁ ተኙ ነበር ሥራው። ይሁንና አብዛኞቹ ከጥቂት ቀናት በላይ አልቆዩም፤ ብዙዎቹም የሌለ ነገር ማየት ጀመሩ። አእምሮ ከውጭ የሚመጣለት ሲቀንስበት ከራሱ ይፈጥራል። በአንድ ምሽት እዚያ አይደረስም፤ የጊዜ ስሜት ግን ቶሎ ይዛባል፤ 10 ደቂቃው ግማሽ ሰዓት ሊመስል፣ ግማሽ ሰዓቱም እንደ 10 ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። ሰዓት የሚይዘው ዓይኑ የተገለጠው ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ዓይንን ብቻ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ጆሮ የሚጨመረው ሌላ ቀን፣ ስለ መጀመሪያው ቀን ከተነጋገሩ በኋላ ነው።

በእስር፣ በጦርነት ወይም በጠለፋ ዓይኑን ተሸፍኖ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1978 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በአየርላንድና በእንግሊዝ ክርክር፣ የእስረኞችን ጭንቅላት መሸፈንና በማያቋርጥ ጩኸት ማደንቆርን ከሌሎች ሦስት ዘዴዎች ጋር አንድ ላይ አድርጎ ኢሰብዓዊና አዋራጅ አያያዝ ነው ብሏል። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ ልዩነቱ ፈቃዱና የማቆም ሥልጣኑ ነው። ያለፈው ቁስል ገና ያላገገመለት ሰው በጨዋታ መካከል ድንገት ወደዚያ ቀን ሊመለስ ይችላል። «ከዚህ በፊት ያለ ፈቃድሽ ዓይንሽን ታስረሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ያሳፍር ይሆናል፤ ግን ይጠየቅ።

አሁን ወደ ዓይን መሸፈኛው። ለመጀመሪያ የሚሻለው በአውሮፕላን ጉዞ የሚሰጠው ዓይነት የእንቅልፍ መሸፈኛ ነው፤ በተለይ በዓይኑ ፊት ለፊት ጎድጎድ ያለው። ሸፍነው ዓይንን እንደ ልብ ማርገብገብ መቻል አለበት። ሽፋሽፍቱ ጨርቁን ከነካ ጠብቋል ማለት ነው። መሸፈኛው መጫን ያለበት ቅንድቡና የጉንጩ አጥንት ላይ ነው፤ የዓይኑ ኳስ ላይ ከተጫነ ሲፈታ እይታ ብዥ ይላል፣ ዓይን ያማል፤ ግፊቱ በነርቭ በኩል የልብ ምትን ስለሚያዘገይም ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። በነጠላ መሸፈን የሚፈልጉ ሰዎች በርዝመቱ አጥፈው አራት ጣት ያህል ስፋት ይተዉለት፤ ጥበቡ ያለበት ጫፍ ሻካራ ስለሆነ ዓይን ላይ አይዋል። ጋቢ ወፍራም ነው፤ ያሞቃል፣ ወደ አፍንጫም ይወርዳል፤ ለዚህ አይሆንም። ቋጠሮው ከማጅራት በኩል ከሆነ ሲተኙ ጭንቅላትን ይቆረቁራል፣ ለመፍታትም ይደበቃል፤ ከጆሮ በላይ ጎን ላይ ይሁን፤ እንደ ጫማ ክር አንዱ ጫፍ ሲሳብ የሚፈታ መሆን አለበት። ሹሩባ የተሠራች ሴት ላስቲኩ ሹሩባዋን ስለሚስብ ከሹሩባው ሥር ይለፍ። ፀጉሯ ቅቤ ከተቀባ ላስቲኩ ይንሸራተታል።

የአማራ ክልል ትራኮማ እጅግ ከጠናባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ መሆኑ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። በዚህ በሽታ የዓይን ቆብ ፀጉሩ ወደ ውስጥ የተቀለበሰበት ሰው ዓይኑ ላይ ጨርቅ ሲጫን ፀጉሩ የዓይኑን ፊት ይፍቃል፤ ቁስል ይተዋል፤ ቁስሉም ጠባሳ ሆኖ ብርሃን ሊነሳ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው፣ ግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት ጋር የሚመጣ የዓይን ነርቭ ሕመም) ያለበት ወይም በቅርቡ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ዓይኑን ከማሰር ይልቅ መብራት አጥፍቶ መጫወት ይሻለዋል። ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) የሚያደርጉ ያውጡት። ዓይን ያሰረ ጨርቅ ሳይታጠብ ለሌላው አይሰጥ።

ስለ ጆሮ። ጥጥ መወተፍ ድምፅን ብዙም አይከለክልም፤ ክሩም ውስጥ ይቀራል። በመድኃኒት ቤት ወይም የሥራ ደህንነት ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ የሚገኘው የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ይሻላል። በደረቅና ንጹሕ ጣት ቀጭን እስኪሆን ይድቦልቦል፤ በሌላው እጅ ከራስ በላይ ዞሮ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ቦዩን ያቀናዋል፤ ከዚያ አስገብቶ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣት መያዝ ነው። ጫፉ ሁልጊዜ በጣት የሚያዝ ሆኖ ይቅር። ሲወጣ እየተጠመዘዘ በቀስታ ነው፤ በአንዴ ቢመነጨቅ የአየር ግፊቱ የጆሮን ታምቡር ያሳምማል። ጆሮው የሚመግል ወይም ታምቡሩ የተበሳ ሰው ይቅርበት። ጆሮ ሲደፈን የራስ ትንፋሽ፣ የምራቅ መዋጥና የልብ ምት ጎልተው እንደሚሰሙ አስቀድሞ መነገር አለበት። ያልተነገረው ሰው ልቡ የታመመ መስሎት ይደነግጣል።

በማዳመጫ ሙዚቃ ወይም የዝናብ ድምፅ የሚያሰሙም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ገደብ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ዴሲቤል ላይ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ዴሲቤል መለኪያ የሌለው ሰው መጀመሪያ በራሱ ጆሮ፣ በዚያው መጠን፣ የታሰበውን ጊዜ ሁሉ ይስማ። ማዳመጫውን ያደረገው ሰው፣ ሌላው በክንድ ርቀት ሆኖ የሚናገረውን ጭራሽ ካልሰማ ድምፁ በዝቷል። ገመድ ያለው ማዳመጫ አንገት ላይ ስለሚጠመጠም ገመድ አልባው ይመረጥ።

ከሁሉም በላይ ልናብራራው የምንወደው የምልክቱን ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አፍ ክፍት ከሆነ ሦስት ቃላት ይበቃሉ፦ «አረንጓዴ» ቀጥል፣ «ቢጫ» ቀስ በል፣ «ቀይ» አሁኑኑ አቁም። «ተው» እና «አይሆንም» በጨዋታ መካከል ለሌላ ትርጉም ሊውሉ የተስማሙ ጥንዶች ቢኖሩም ጀማሪዎች ግን እነዚህንም እንደ ቀይ ይቁጠሯቸው። ጆሮ ሲደፈን ግን ጥያቄው አይሰማም። ስለዚህ በእጅ ይነጋገሩ፤ ዓይኑ የተገለጠው ሰው የተሸፈነችውን ሴት እጅ ሁለት ጊዜ ጨበጥ ያደርጋል፣ እሷም ሁለት ጊዜ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ ከመለሰች ቢጫ ነው፤ ካልመለሰች ቀይ ነው፤ ይፈታል። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት በየ2 ወይም በየ3 ደቂቃው መጠየቅ አይበዛም።

ሌላው በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው፦ የቁልፍ ዘለላ። ሲለቀቅ መፍታት ነው። ይህ የሚጠቅመው ሰውየው ራሱን ቢስት ወይም እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ቁልፉ ከእጁ ስለሚወድቅ ነው። ግን ቁልፍ በሲሚንቶ ወለል ላይ እንደሚጮኸው በጭቃ ወለል ወይም በምንጣፍ ላይ አይጮኽም። እጁ ከሚውልበት ቦታ ሥር ትሪ ይቀመጥ፤ ከመጀመራቸው በፊትም አንድ ጊዜ ጥለው ይስሙት። ክረምት ላይ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድበው ትሪውም ላይሰማ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዓይን ከእጁ ላይ አይነሳ። በጨርቅ የተሸፈነን ሰው ብቻውን ትቶ ቡና ለማፍላት መውጣት፣ በር ለመክፈት እንኳ መሄድ አይገባም። መሄድ ካስፈለገ መጀመሪያ ይፈታል።

ሙሉ ጭንቅላት የሚሸፍን ጭምብል የልምድ ዕቃ ነው፤ ለጀማሪ አንመክረውም። የሚገዛ ሰው የአፍንጫና የአፍ ቀዳዳው ሰፊና ጠርዙ የተሰፋ መሆኑን፣ ጭንቅላት ሲዞርም ቀዳዳው ከአፍንጫው እንደማይሸሽ አድርጎ ይሞክር። ዚፑ ከኋላ ሆኖ በአንድ ስበት የሚከፈት ይሁን። አንገት ላይ በገመድ የሚጠበቅ አይገዛ፤ የአንገት ሁለት ጎን ሲጫን ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። የጎማ ጓንት ወይም ኮንዶም የሚያሳክከው ሰው የላቴክስ ጭምብል አይሆነውም፤ የፀጉር ቅቤም ላቴክስን ያበላሸዋል። ፌስታል፣ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም ሌላ አየር የማያሳልፍ ነገር ፊት ላይ ማድረግ እንዴትም ተጠንቅቀው የሚያደርጉት ነገር አይደለም። ያስተነፈሱት አየር ተመልሶ ይሳባል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ሰውየውም «ቀይ» ሳይል ይዝላል። ትንፋሽን በማፈን መጫወት የሚያስተማምን ዘዴ የለውም።

አፍ መዝጊያውን፣ የአፍ ልጓሙን እንበለው፣ በጥብቅ እንድታስቡበት እንለምናለን። ልጓም ሲገባ ቃል ይጠፋል፤ ትንፋሽ በአፍንጫ ብቻ ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው በሩብ ያህል ያንሳል። የደጋ ሰው ለምዶታል፤ ሆኖም ጉንፋን አፍንጫውን ሲዘጋው የሚቀረው መጠባበቂያ ትንሽ ነው። ጉንፋን፣ የአፍንጫ አለርጂ ወይም አስም ያለበት ሰው ልጓም አይደረግለት። ካልሲ ወይም ጨርቅ አፍ ውስጥ መጠቅጠቅ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ጨርቁ በምራቅ ይረጥባል፣ ይከብዳል፣ ወደ ጉሮሮ ይንሸራተታል። በፕላስተር ማሸግም እንዲሁ ነው፤ ሰው ቢያስታውክ ትውከቱ ወደ ሳንባ ይገባል። የሚጠቀም ሰው ለስላሳ ሲሊኮን፣ ቀዳዳዎች ያሉት፣ ከማሰሪያው ጋር የማይላቀቅ ይምረጥ፤ ጀማሪ ከ5 ደቂቃ አያልፍ፤ በጀርባ ሳይሆን በጎን ወይም ተቀምጦ፤ ጥጋብ ላይ አይሁን። መንጋጋው ሲከፈት ቀጭ የሚል ወይም የሚያመው ሰው ይተወው። ልጓምና የጆሮ መድፈኛ አንድ ላይ ባይደረጉ እንመርጣለን፤ ሁለቱ ሲጣመሩ የሚቀረው የእጅ ምልክት ብቻ ነው።

እጅም የሚታሰር ከሆነ ቃጫ ገመድ ይቆርጣል፤ ሰፊና ለስላሳ ጨርቅ ይሻላል፤ በጨርቁና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። አውራ ጣት ከደነዘዘ ወይም መዳፍ ከቀዘቀዘ ነርቭ ወይም ደም ሥር ተጭኗል ማለት ነውና ወዲያው ይፈታ። ጫፉ ድፍን የሆነ የፋሻ መቀስ እጅ በሚደርስበት ይቀመጥ።

ክፍሉ ራሱ ከዕቃው ይበልጥ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት እንጥቀስ። የደጋ ሌሊት ይበርዳል፤ ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ከሰል ማንደጃ ያስገባል። «ፍም ሆኗል፣ ጭሱ ወጥቶለታል» መባሉ አያድንም። የጋለ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፤ አይታይም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። ዓይኑና ጆሮው የተሸፈነ ሰው ይህ ሲሰማው የጨዋታው ስሜት ይመስለዋል፤ ዝም ማለቱንም ሌላው እንደ መደሰት ይቆጥረዋል። ማንደጃው ከቤት ይውጣ፤ በጋቢና በብርድ ልብስ ይሙቁ። ዕጣን ማጨስም አስም ላለበት በዚያ ሰዓት አይመከርም። መብራት ድንገት ስለሚጠፋ የእጅ ባትሪ በኪስ ይሁን፤ ሻማ ከተበራ ከጨርቅና ከፀጉር ይራቅ። የበሩ ቁልፍ ከውስጥ በኩል እንደተሰካ ይቆይ።

ከመጀመራቸው በፊት ጉትቻና የፀጉር ማስያዣ ይውለቅ። የአንገት ማተብ ግን ያለ ጥያቄ አይነካ፤ በማሰሪያ ሊያዝ ስለሚችል ባለቤቱ ከልብሱ ሥር እንዲያደርገው ወይም የፈለገው ቦታ እንዲያኖረው ይጠየቅ። የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ወይም ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በልቶ ይጀምር፤ ስኳሩ ሲወርድ የሚመጣው ላብና መንቀጥቀጥ ከስሜት መጋል ጋር ይመሳሰላል፤ ማር ወይም ስኳር ቅርብ ይሁን።

አፈታቱ ቅደም ተከተል አለው። አፍ ላይ ልጓም ካለ እሱ መጀመሪያ ይወጣል። ቀጥሎ ጆሮ ይከፈታል፤ በለሆሳስ ስሟ ተጠርቶ «ልፈታሽ ነው» ይባላል። ከዚያ መብራቱ ደብዝዞ ዓይን ይገለጣል፤ በጨለማ የሰፋው የዓይን ብሌን ድንገተኛ ብርሃን ያመዋል። ወዲያው አትነሣ፤ መጀመሪያ ቁጭ ትበል፤ በአንዴ መቆም የደም ግፊትን ያወርዳል። ውኃ ይሰጣት፣ ጋቢ ትልበስ። ማልቀስ ወይም መንቀጥቀጥ ቢመጣ ጥፋት ተሠርቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ አቅፎ መቆየትና መጠየቅ ነው። የስሜት መውረድ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የሚመጣባቸውም ስላሉ በሁለቱም ቀን ደውሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከተፈታ በኋላ እይታ ብዥ ብሎ ከቀረ፣ ዓይን ቀልቶ ካመመ፣ ጆሮ ከጮኸ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ የእጅ አንጓ ተንጠልጥሎ አልነሣ ካለ፣ ወይም ማንደጃ በነበረበት ክፍል ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ ሳይነጋ ጤና ተቋም ይሂዱ። ምን እንደተደረገና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ለባለሙያው በግልጽ ይነገር። «ወደቅኩ» ማለት ሕክምናውን ያዘገየዋል። ለሙያ ባልደረቦቻችንም፦ እንዲህ ብሎ የመጣን ሰው ከመገሠጽ በፊት ለብቻው አድርጋችሁ በፈቃዱ መሆኑን ጠይቁት፤ በፈቃዱ ካልሆነ የሚያስፈልገው እርዳታ ሌላ ነው።

ደብዳቤው መርዘሙን እናውቃለን። ቦታ ከጠበበ የታሪኩንና የማዳመጫውን ክፍል ልታሳጥሩት ትችላላችሁ። የከሰሉን፣ የፌስታሉንና የአፍ ልጓሙን ግን እንዳለ አትሙልን።

ከደብረ ማርቆስ፣ በጤና ሙያ ላይ የምንገኝ አንባቢዎች
(ስማችን ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)